ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ያለ ታሪክ

ጎንጋጋ የምትባል መንደር አለች። ዙሪያዋን ደን ነው። አጠገቧ የፈነዳ የኃይል ማመንጫ ፍርስራሽ ተገትሯል፤ ፍንዳታው ብዙ ሰው ጨርሶባታል። ከጎጆዎቹ አንዱን ከፍታችሁ ስትገቡ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ታገኛላችሁ። የእንግዳቸውን ዓይን ትክ ብለው ያዩና ወታደር ቤት መሆኑን ይገምታሉ። ከዚያ ልጃችንን ታውቀዋለህ ወይ ብለው ይጠይቁታል። የገጠር ኑሮ ሰልችቶኛል ብሎ ወደ ትልቁ ከተማ ከሄደ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት የሴት ጓደኛ ይዣለሁ የሚል አንድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ስሙ ዛክ ነው።

እንግዳው፣ ማለትም እናንተ የምትጫወቱበት ክላውድ፣ ስሙ ምንም አያስታውሰውም። አይዋሽም። ዛክ ግን የዚህ ሰውዬ የቅርብ ጓደኛው ነበር። ሕይወቱን ያተረፈለት እሱ ነው። በጀርባው ያዘለው ትልቅ ሰይፍም የዛክ ነው። አዛውንቶቹ ስለ ልጃቸው የሚጠይቁት የልጃቸውን ሰይፍ የተሸከመውን ሰው ነው፤ እነሱም አያውቁም፣ እሱም አያውቅም፣ ተጫዋቹም ገና አያውቅም።

ጨዋታው ፋይናል ፋንታሲ 7 ነው። ጌም ሲባል ኳስና ውድድር መኪና ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፣ ይሄ ሮል ፕሌይንግ የሚሉት ዓይነት ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ፣ ጓደኛ እያፈራችሁ፣ ከከተማ ከተማ እየተዟዟራችሁ አንድ ረጅም ታሪክ ትጨርሳላችሁ። የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1997 ለፕሌይስቴሽን አወጣው። ፕሮዲዩሰሩ ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ ዳይሬክተሩ ዮሺኖሪ ኪታሴ ነበሩ። (ገና ልትጫወቱት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። ከዚህ በታች የማልዘከዝከው ሚስጥር የለም።)

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ያንን የጎንጋጋ ቤት የመክፈት ግዴታ የለባችሁም። መንደሯን እንዳለች አልፋችሁ ብትሄዱ ጨዋታው ቅር አይለውም። እኔ ራሴ መጀመሪያ በጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ስጨርሰው ጎንጋጋን አልረገጥኩም። ጨረስኩ ብዬ ስኩራራ ጓደኛዬ «ዛክ ምን ሆነ?» አለኝ። ዛክ የሚባል ሰው እንደነበረ አውቃለሁ፤ ዋናው ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ያሳየናል። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ይባስ ብሎ አለማወቄን ራሱ አላወቅኩም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ሰበብ ነው።

በካሴቱ ዘመን

የሰውን ኃላፊ ታሪክ ቦታ ላይ መደበቅ በ1997 አልተጀመረም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ ይኸው ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ 6ን ለሱፐር ኒንቴንዶ አውጥቶ ነበር። ካሴቱ የሚይዘው 24 ሜጋቢት፣ ማለትም 3 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ ሞባይላችሁ ላይ ካለው አንድ ዘፈን ብዙም አይበልጥም። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሻዶው የሚባል ፊቱን የሸፈነ ቅጥረኛ ገዳይ አስገቡ። ከውሻው በቀር ማንንም አይጠጋም። ስለ ራሱም አያወራም።

ሻዶው የሚያወራው ተኝቶ ነው። እሱን ይዛችሁ አልጋ ቤት ስታድሩ አንዳንዴ ሕልሙን ታያላችሁ። አንዱ ሕልም ባቡር ዘራፊ እንደነበረ ይነግራችኋል። ሌላው የቆሰለ ጓደኛውን ጥሎ እንደሸሸ ያሳያል። እንዲህ በቁርጥራጭ እየመጣ ወደ አንዲት መንደርና ወደ አንዲት ሕፃን ያደርሳችኋል። ሪልም የምትባለው ትንሽ ልጅ፣ አያቷ ያሳደጓት፣ የሻዶው ልጅ ሳትሆን አትቀርም። ጨዋታው በግልጽ አይናገረውም። ሆኖም ከሁለቱ በቀር ማንም ጣቱ ላይ ሊያደርገው የማይችል አንድ ቀለበት አለ። ማስረጃው እንዲህ ዓይነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ታሪኩ መሀል ላይ፣ የሚፈርስ ደሴት ላይ ሆናችሁ፣ ሰዓቱ ወደ ዜሮ እየቆጠረ፣ ሻዶውን እስከ መጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ካልጠበቃችሁት ይሞታል። ቸኩላችሁ ከዘለላችሁ ሰውየውም፣ ቀሪ ሕልሞቹም አብረው ይቀበራሉ።  ያወጣችሁት ዋጋ የጥቂት ሴኮንዶች ትዕግሥት ብቻ ነበር።

የተሠራው መንደር

ፋይናል ፋንታሲ 7 ሲመጣ ካሴቱ ቀረና ሦስት ሲዲ ሆነ። ቦታው ሰፋ። ቤቶቹ፣ ጓዳዎቹ፣ ዋሻዎቹ እያንዳንዳቸው በኮምፒውተር ተሥለው፣ ካሜራው አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ፣ እንደ ፎቶግራፍ ተዘጋጁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር፣ መጽሐፍ፣ የተሰበረ መስኮት ሁሉ የራሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ጨዋታዎች አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ብዙም አይለይም ነበር፤ አሁን ግን አንድ ቤት ገብታችሁ የማን ቤት እንደሆነ መገመት ቻላችሁ። ታሪክን ቤት ውስጥ መደበቅ የሚቻለው ቤቱ ቤት ሲመስል ነው።

የዚህ ሁሉ ማዕከል ኒብልሃይም ነው፤ የክላውድ የትውልድ መንደር። ክላውድ መንደሩ ከአምስት ዓመት በፊት በእሳት እንደወደመ፣ እናቱም እዚያው እንደሞተች አስቀድሞ ተርኮልናል። ያቃጠለው ሴፊሮት የሚባለው ጀግና ወታደር ነው። በእግራችን ተጉዘን ስንደርስ ግን መንደሩ እንዳለ ቆሟል። ቤቶቹ በቦታቸው ናቸው። ሰዎቹን ስንጠይቅ፣ ምን እሳት ነው የምታወሩት፣ እኛ እዚሁ ተወልደን ያደግን ነን ይላሉ።

ነገሩ ሺንራ ነው። ሺንራ ዓለሙን በሙሉ የሚገዛ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው፤ መብራት የሚያበራው ድርጅት ጦርም፣ ከንቲባም፣ የዜና ምንጭም ሆኖ አስቡት። የራሱ ጀግና መንደር ማቃጠሉ እንዳይሰማ መንደሩን እንደገና ሠራው፤ በደሞዝ ሰዎች አስገብቶ የድሮ ነዋሪ ነን እንዲሉ አደረገ። ይህን ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ታዩታላችሁ። ዋናው መንገድ የማይነግራችሁ ግን ያ መንደር ጫፍ ላይ ያለው የሺንራ ትልቅ ቤት ውስጥ ምን እንደተቀበረ ነው። ምክንያቱም ሺንራ መንደሩን ሲሠራ ያንን ቤት አልነካውም። ያልተቃጠለውም፣ ያልተሠራውም እሱ ብቻ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰው

እዚያ ቤት ፎቅ ላይ አንድ ካዝና አለ። ቁጥሩን ለማግኘት በየክፍሉ የተበተኑ ፍንጮችን መልቀም ይጠይቃል። ያገኛችሁትን ቁጥር በ20 ሴኮንድ ውስጥ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ማስገባት አለባችሁ። ሲከፈት ደግሞ ገንዘብ አይደለም የሚወጣው፤ አውሬ ነው። አውሬውን ካሸነፋችሁ ቁልፍ ታገኛላችሁ። ቁልፉ ምድር ቤት ያለ አንድ ክፍል ይከፍታል። ክፍሉ ውስጥ የሬሳ ሣጥኖች አሉ፤ ከአንዱ ውስጥ ቪንሰንት ቫለንታይን የሚባል ሰው ተኝቷል። አልሞተም። ኃጢአቴን በቅዠት እየከፈልኩ ነውና ተዉኝ ይላል።

ቪንሰንት የሺንራ የስለላ ክፍል ሰው ነበር። እዚያ ቤት ለጥበቃ ተመድቦ ሳለ ሉክሬሺያ የምትባል ተመራማሪ ወደደ። እሷ ግን ሆጆ ከሚባለው ሳይንቲስት ጋር ሆነች፤ በማኅፀኗ ያለው ልጅም የምርምር ሥራ ሆነ። ቪንሰንት ሊያስቆም ሲሞክር ሆጆ በጥይት መታው፤ ገላውንም ለሙከራ አዋለው። የተወለደው ልጅ ሴፊሮት ነው። ስንት ሲዲ ሙሉ የምናሳድደው፣ መንደር ያቃጠለው፣ ዓለምን ሊያጠፋ የተነሣው ሴፊሮት።

ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። ቆይታችሁ ሰርጓጅ መርከብ ስታገኙ፣ በውኃ ሥር ባለ መተላለፊያ ገብታችሁ በተራራ የታጠረ ትንሽ ሐይቅ ላይ ብቅ ትላላችሁ። ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው ጀርባ ዋሻ፤ ዋሻው ውስጥ ሉክሬሺያ አለች። ልጇን አንድ ቀን እንኳ አቅፋ እንዳታውቅ ትናገራለች። ከዚያ ቪንሰንትን ሴፊሮት በሕይወት አለ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች።

ቪንሰንት ሞቷል ይላታል።

ሴፊሮት ግን በዚያ ሰዓት አልሞተም። ቪንሰንት ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። እኔ በመጀመሪያ ተናደድኩበት፤ እናት ስለ ልጇ ጠይቃ እንዴት ይዋሻታል? ቆይቼ ግን እውነቱን ቢነግራት ምን ሊላት እንደሆነ አሰብኩ። ልጅሽ አለ፤ ልንገድለው እየሄድን ነው። ዋሻው ደግሞ ቪንሰንት አብሯችሁ ካልመጣ ምንም አይናገርም። ዋናው ታሪክ ሴፊሮትን ጠላት አድርጎ ያሳየናል፤ እናት እንዳለችውና እናቱም እንደምትጠይቅለት የሚያውቀው ግን እዚህ የደረሰ ብቻ ነው።

የቪዲዮ ካሴቶቹ

የመጀመሪያው ሲዲ ሲያልቅ ኤሪስ ትሞታለች። ኤሪስ አበባ ትሸጥ የነበረችው፣ የጥንቱ ሕዝብ የመጨረሻዋ ዘር የሆነችው ልጅ ናት። ይህን ሞት ያላለቀሰበት ተጫዋች ጥቂት ነው። ሳካጉቺ እናታቸው ከሞቱ በኋላ ስለ ሕይወትና ሞት ምንነት ማሰላሰል እንደጀመሩ፣ የጨዋታውም ጭብጥ ከዚያ እንደመጣ በአደባባይ ተናግረዋል።

ከሞቷ በኋላ ወደ ሰሜን ስትሄዱ አይሲክል ኢን የምትባል በበረዶ የተሸፈነች መንደር ትደርሳላችሁ። ሁሉም ተጫዋች በዚህ ያልፋል። ከቤቶቹ አንዱ ውስጥ ግን ማንም የማይኖርበት፣ አሮጌ መቅጃ መሣሪያ ያለበት ቤት አለ። አለፍ ብሎ መሄድ ይቻላል። መሣሪያውን ከነካችሁት ካሴቶች ይጫወታሉ። ጋስት የሚባል ከሺንራ የሸሸ ሳይንቲስት ኢፋልና የምትባል ሴት ስለ ጥንቱ ሕዝብ ታሪክ ይጠይቃታል። መጀመሪያ ላይ ደረቅ የታሪክ ትምህርት ይመስላል። ቀጥሎ የሚመጡት ካሴቶች ርዕስ ግን ይለወጣል፤ የልጃችን መዝገብ፣ በተወለደች በአሥረኛው ቀን፤ በሃያኛው ቀን።

ባልና ሚስት ሆነዋል። ልጅ ወልደዋል። ስሟን ኤሪስ ብለዋታል። አባት ካሜራውን አልዘጋም እያለ ይጫወታል፤ እናት ትሥቃለች። ከዚያ በሩ ይንኳኳል። ሆጆ ነው፤ ወታደሮች ይዞ መጥቷል። ጋስት ሲከላከል ይገደላል፤ እናትና ሕፃን ይወሰዳሉ።

ቀደም ሲል ሚድጋር እያለን የኤሪስ አሳዳጊ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ አንዲት ሴት ልጇን አደራ ብላት እንደሞተች ነግራን ነበር። ያኔ ያቺ ሴት ለእኛ ስም የለሽ ሟች ነበረች። አሁን ስሟንም፣ ሣቋንም፣ ባሏንም አወቅን። ኤሪስ ራሷ ግን ይህን ካሴት አላየችውም። አባቷ ማን እንደሆነ የምንሰማው እሷ ከሞተች በኋላ፣ እሷ በሌለችበት ክፍል ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ጨካኝ የቦታ አመራረጥ በጌም ውስጥ አላየሁም።

የምድር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት

አሁን ወደ ዛክ እንመለስ። ክላውድ ሶልጀር የሚባለው የሺንራ ልዩ ጦር አንደኛ ማዕረግ ነበርኩ እያለ ነው ታሪኩን የሚጀምርልን። በሁለተኛው ሲዲ ላይ አእምሮው ተናግቶ ከተመለሰ በኋላ እውነቱ ይወጣል። ተራ ወታደር ነበር። ከሴፊሮት ጋር ኒብልሃይም የሄደው የልዩ ጦሩ ሰው ዛክ ነበር። ክላውድ የጓደኛውን ታሪክ የራሱ አድርጎ ኖሯል። እዚህ ድረስ ግዴታ ነው፤ ሁሉም ያየዋል። ታዲያ ዛክ የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት ከዚህ በኋላ ክላውድን ይዛችሁ ወደዚያ ኒብልሃይም ትልቅ ቤት፣ ወደ ምድር ቤቱ መመለስ አለባችሁ። ማንም ተመለሱ አይላችሁም። ስትገቡ የክላውድ ትዝታ ይነሣል። ሁለቱ ጓደኛሞች እዚያ ቤት ውስጥ በመስታወት በርሜል ተዘግተው የሆጆ መሞከሪያ ነበሩ። ዛክ ሰብሮ ወጣ፤ ራሱን የማያውቀውን ክላውድን ደግፎ ይዞት ሸሸ። የጭነት መኪና ለምነው ሲሄዱ ዛክ ሚድጋር ገብተን ምን እንሥራ እያለ ያወራል። መጨረሻ ላይ ቅጥረኛ እንሆናለን ይላል፤ እኔና አንተ። ሚድጋር ጫፍ ላይ ሲደርሱ ወታደሮች ዛክን በጥይት ይገድሉታል። ክላውድን ከሞት አይተርፍም ብለው ይተዉታል። ክላውድ እየተሳበ ሄዶ ሰይፉን ያነሣል።

ጨዋታው ሲጀምር ክላውድ በቅጥረኝነት ነው የምናገኘው። ያ ሥራ እንኳ የዛክ ሐሳብ ነበር ማለት ነው።

ይህ ትዕይንት ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ በወጣው ቅጂ አልነበረም። በዚያው በ1997 ለአሜሪካ ገበያ ሲዘጋጅ ተጨመረ፤ ጃፓኖች ያገኙት በኋላ በወጣው ኢንተርናሽናል በሚባለው ቅጂ ነው። አሠሪዎቹ ራሳቸው ይህ ሰው ያለ ታሪክ እንደቀረ የተገነዘቡት ዘግይተው ይመስላል። ሲጨምሩትም ዋናው መንገድ ላይ አላደረጉትም፤ ምድር ቤት አስቀመጡት።

ከማን ጋር ነው የሄዳችሁት?

እዚህ ላይ አንዳንዱ ይሄ ጉድለት እንጂ ጥበብ አይደለም ሊለኝ ይችላል። ለታሪኩ ቁልፍ የሆነውን ሰው ሞት ደብቆ፣ ካገኛችሁት አገኛችሁ፣ ካላገኛችሁት የራሳችሁ ጉዳይ ማለት ተጫዋቹን መበደል ነው። ስንቱ ሰው እንደ እኔ ሳያየው ጨርሷል! ክርክሩ ውኃ ያነሣል፤ አላጣጥለውም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ቦታዎች ለብቻቸው አይናገሩም። የጎንጋጋውን ቤት ኤሪስንና ቲፋን ይዛችሁ ከገባችሁ፣ የዛክ ስም ሲነሣ ኤሪስ የመጀመሪያ ፍቅሯ እንደነበረ ትናገራለች፤ በደብዳቤው የተጠቀሰችው የሴት ጓደኛ ማን እንደሆነች እዚያው ይገባችኋል። ቲፋ ደግሞ ስሙን ስትሰማ ትደነግጣለች፤ አላውቀውም ብትልም ፊቷ ያሳብቃል። ሁለቱንም ትታችሁ ከገባችሁ የምትሰሙት የሁለት ሽማግሌዎች ጥያቄ ብቻ ነው። ፏፏቴው ቪንሰንትን ይፈልጋል። ምድር ቤቱ ራሱን ያወቀውን ክላውድ ይፈልጋል። ማስረጃው ቦታው ላይ አለ፤ ምስክሩ ግን አብሯችሁ መምጣት አለበት።

ሺንራም ያልተረዳው ይህንን ይመስለኛል። መንደሩን አንድ ሳያጓድል ደግሞ ሠራው፤ ነዋሪ ቀጠረለት። ቤትን መሥራት ይቻላል። ያንን ቤት የሚያስታውስ ሰው ተመልሶ በሩ ላይ ሲቆም ግን የተሠራው ሁሉ ውሸቱ ይወጣል። ሺንራ ታሪኩን ያጠፋው ሰነድ በማቃጠል ብቻ አልነበረም፤ ምስክሮቹን በርሜል ውስጥ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ጥይት ፊት አድርጎ ነው። ተጫዋቹ ከመንገድ ወጥቶ ወደዚያ ቤት ሲመለስ ኩባንያው የደበቀውን ሥራ መልሶ ይሠራዋል። ዋናውን መንገድ ብቻ የተከተለ ደግሞ፣ ሳያውቀው፣ ሺንራ እንዲያውቅ የፈቀደለትን ይዞ ይጨርሳል። እኔም መጀመሪያ የጨረስኩት እንደዚያ ነበር።

በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ2007 የዛክ ታሪክ ራሱን ችሎ ክራይሲስ ኮር በሚል ስም ለፒ.ኤስ.ፒ ወጣ። ከ2020 ጀምሮ ዋናው ጨዋታ በክፍል በክፍል እንደ አዲስ እየተሠራ ነው፤ በየካቲት 2024 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ሪበርዝ ጎንጋጋን ከዋናው መንገድ ላይ አስቀምጧታል፤ ቪንሰንትንም ሳያገኙ ማለፍ አይቻልም። አሁን ዛክን የማያውቅ ተጫዋች የለም። ለሟቹ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ከምድር ቤት ወጥቶ ፖስተር ላይ ደረሰ። ያጣነው ግን አለ። ዛሬ ጨዋታው ራሱ እጃችንን ይዞ ያደርሰናል። ያኔ ግን የሚጠራን አልነበረም፤ የሄድነው እኛ ነን።

ጓደኛዬ ያንን ጥያቄ ከጠየቀኝ በኋላ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ኤሪስንና ቲፋን ይዤ ጎንጋጋ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ መልሱን አውቀው ነበር፤ ሰይፉም ጀርባዬ ላይ ነበር። ጨዋታው ግን ልነግራቸው የምችልበትን ዐረፍተ ነገር አልሰጠኝም። ትንሽ ቆሜ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።